አንበሳው ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?



ከጥቂት ጊዜ በፊት የሕፃናት ክፍል ልጆችን ይዘን አንበሶች ወደሚታዩበት ግቢ ሄደን ነበር። ልጆቹ ሲንጫጩ፣ ሲሣሣቁ፣ አንበሳው ባገሣ ቁጥር እየሸሹ ሲመለሱ ቀኑ ደስ ብሎን አለፈ። አንዲት የ6 ዓመት ልጅ ግን ከአጥሩ ፊት ቆማ ብዙ ከተመለከተች በኋላ ወደ እኛ ዘወር አለችና፣ «አንበሳው ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?» ስትል ጠየቀችን። ከመካከላችን አንዱ ሣቀ። ሌላው፣ «ሰው እንዳይበላ ነው» አላት። እርስዋም፣ «እኛ ነን እኮ ወደ እሱ የመጣነው» አለች። መልስ አጣን።

ይህ የሕፃን ጥያቄ ለሚቀጥለው ስብሰባችን የውይይት ርእስ ሆነ። ግማሾቻችን «እንስሳትን ሰብስቦ ማኖር መልካም ነው፤ ባይሆን ኖሮ ብዙዎቹ ከምድር ገጽ ይጠፉ ነበር» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ፍጡርን ለዐይን ደስታ ብሎ መዝጋት ግፍ ነው» ብለን ተከራከርን። ክርክሩ በባዶ ሜዳ እንዳይሆን አንድ የታወቀ መካነ አራዊት መርጠን ታሪኩን ለመመርመር ተስማማን። የመረጥነውም በኒው ዮርክ ከተማ የሚገኘውን የብሮንክስ መካነ አራዊት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ግቢ ለሕዝብ የተከፈተው በኅዳር ወር 1899 ሲሆን በዚያን ጊዜ የነበሩት እንስሳት 843 ነበሩ። ዛሬ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርበት ከተማ ውስጥ 107 ሄክታር ያህል መሬት ይዞ፣ ወንዝ በመካከሉ እያለፈ፣ ከ6 መቶ በላይ ዝርያዎችን ያኖራል። ከሳይቤሪያ የመጣ ነብር፣ ከኮንጎ ደን የመጣ ጎሪላ፣ ቀጭኔ፣ እባብ፣ ወፍ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ጉርጥ ሳይቀር እዚያ አለ። እኛንም የሚመለከት አንድ ነገር አለ። በ1990 የስሜን ተራሮችን እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ገደላማ ሥፍራ ተከፍቶ የአገራችን ጭላዳ ዝንጀሮዎች እንዲኖሩበት ሆኗል። ጭላዳ በዱር የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን ስሜንን አላየንም፤ የኒው ዮርክ ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ሲወጣ በባቡር ሄዶ ጭላዳ ሣር ሲነጭ ያያል። ይህን ስንሰማ ደስም አለን፤ ትንሽም አፈርን።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። የዝርያ ብዛት ራሱ መልካም ነገር ነውን? አንድ መካነ አራዊት «ይህን ያህል ዐይነት አለኝ» ብሎ ሲናገር የሚያስመሰግን ነገር ተናገረ ማለት ነውን?

በመጀመሪያ መልካም የሚሉትን ወገኖች እንስማ። በሰሜን አሜሪካ ሜዳ ላይ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር የነበረው ባይሰን የተባለው የጎሽ ዐይነት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በጠመንጃ አልቆ ጥቂት መቶዎች ብቻ ቀርተው ነበር። የብሮንክስ መካነ አራዊት የመጀመሪያ ኃላፊ የነበረው ዊልያም ሆርናደይ በዚህ እጅግ አዝኖ በግቢው ውስጥ ባይሰኖችን ማርባት ጀመረ። በ1905 ከሌሎች ጋር ሆኖ ባይሰንን ለማዳን ማኅበር መሠረተ። በ1907 ደግሞ 15 ባይሰኖች በባቡር ተጭነው ከኒው ዮርክ ወደ ኦክላሆማ ተላኩና ቀድሞ ዘራቸው በነበረበት ሜዳ ላይ ተለቀቁ። በከተማ ግቢ የተወለደ ከብት ወደ አባቶቹ ምድር ተመለሰ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጎረቤታችን ከአፍሪቃ ምሥራቅ ነው። በታንዛኒያ ኪሃንሲ በተባለ ገደል ውስጥ፣ ከፏፏቴው በሚረጨው ጤዛ ብቻ የምትኖር አንዲት ትንሽ ቢጫ ጉርጥ በ1996 ተገኘች። በሌላ ሥፍራ ፈጽሞ አትገኝም። ወዲያው ግን ለኤሌክትሪክ ኃይል ግድብ ተሠራና የፏፏቴው ውኃ አነሰ፤ ጤዛውም ደረቀ። በ2000 ከብሮንክስ የሄዱ ሰዎች 499 ጉርጦችን ይዘው ወደ አሜሪካ ወሰዱ። በ2009 በዱር ፈጽማ እንደ ጠፋች ታወጀ። በምድር ላይ የቀሩት እንግዲህ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የሚኖሩት ብቻ ሆኑ። በገደሉም ሰው ሠራሽ የጤዛ መርጫ ተዘርግቶ፣ በ2012 ጉርጦቹ ወደ ኪሃንሲ ተመለሱ። ኤሌክትሪክ ለድሀ አገር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እኛ እናውቃለን፤ ግድቡን የሠሩትን ለመኮነን አይቃጣንም። ነገር ግን ያ የመስተዋት ሣጥን ባይኖር ኖሮ ያቺ ፍጥረት ዛሬ በታሪክ ብቻ በቀረች ነበር።

ይህን ስንሰማ የመጀመሪያው ወገን ያሸነፈ መሰለው። አንዱ ወንድማችንም «ይህ የኖኅ መርከብ ማለት ነው» አለ።

ሆኖም የታሪኩን ሌላ ገጽ ስንገልጥ ሁላችንም ዝም አልን። በመስከረም 1906፣ ባይሰኖቹ ወደ ኦክላሆማ ከመሄዳቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ግቢ፣ በዚያው በሆርናደይ ሥልጣን፣ ኦታ ቤንጋ የሚባል የኮንጎ ሰው በዝንጀሮዎች ቤት ውስጥ ከአንድ ኦራንጉታን ጋር ለሕዝብ ታየ። ቁመቱና ክብደቱ እንደ እንስሳ ተጽፎ በፊቱ ተለጠፈ። በአንድ እሑድ ቀን ብቻ 40 ሺህ ያህል ሰው ወደ ግቢው መጣ። ተመልካቹ ይሥቅ፣ ይጮኽ፣ ይከተለውም ነበር።

ይህን የተቃወሙት የከተማው ጥቁር አሜሪካውያን ሰባኪዎች ነበሩ። ከእነርሱም ዋናው የሙት ልጆች ማሳደጊያ ኃላፊ የነበረው ፓስተር ጄምስ ጎርደን ነው። ሰው ነፍስ ያለው ፍጡር እንጂ ለዝንጀሮ ጓደኛ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም ሲሉ ጮኹ። በዚያው ወር መጨረሻ ኦታ ቤንጋ ከግቢው ወጥቶ ወደዚያ ማሳደጊያ ተወሰደ። ወደ አገሩ ግን አልተመለሰም። በ1916 በቨርጂኒያ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። መካነ አራዊቱን የሚያስተዳድረው ድርጅት ስለ ሥራው በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2020 ነው፤ 114 ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ይህን ያነሣነው ሰውንና እንስሳን አንድ ለማድረግ አይደለም። አንድ ነገር ስላስተማረን ነው። ባይሰንን ያዳነውና ኦታ ቤንጋን ያሳየው አንድ ሰው ነው፤ ግቢውም አንድ ነው። ዐይነት በዐይነት ለመሰብሰብ የሚቸኩል ልብ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ራሱ አያውቅም። ዛሬ ብርቅ ወፍ፣ ነገ ብርቅ ዝንጀሮ ሲል ቆይቶ «ብርቅ ሰው» ይላል። አበው «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንዳሉት፣ የማየት ፍላጎታችን ራሱ ዳኛ ከሆነ ሁልጊዜ ለራሱ ይፈርዳል። ስለዚህ የዝርያ ብዛት ብቻውን መልካምነትን አይመሰክርም። ቁጥሩ እንስሳው ለምን እንደ መጣ አይነግረንም።

«ሰው ካላየ አይራራም፤ ስለዚህ ማሳየት ያስፈልጋል» የሚል መከራከሪያም ቀርቦ ነበር። እውነትነት አለው። ከከተማ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ዝሆንን በሥዕል ብቻ ካወቀ፣ ዝሆን ሲጠፋ ምን ይሰማዋል? ነገር ግን እነዚያ 40 ሺህ ሰዎች ሁሉም አይተዋል፤ ከብዙዎቹ የወጣው ሣቅ ነበር። ሰባኪዎቹም ያዩትና የሰሙት ያንኑ ነው፤ እነርሱ ግን አዘኑ። እንግዲህ ማየት ብቻውን አያስተምርም። «ዐይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል» ነውና፣ ልቡ ያልተዘጋጀ ሰው የሺህ ዐይነት እንስሳ ቢያይ የሺህ ዐይነት መዝናኛ አየ እንጂ ሌላ አላተረፈም።

ስለዚህ በውይይታችን መጨረሻ ሦስት መመዘኛዎችን አወጣን። አንደኛ፣ እንስሳው የመጣው ለራሱ መዳን ነው ወይስ ለእኛ ደስታ? ሁለተኛ፣ ወደ አገሩ የሚመለስበት በር አለ ወይ፣ ካልተከፈተስ ለመክፈት የሚደክም ሰው አለ ወይ? ሦስተኛ፣ በተሰጠው ሥፍራ እንደ ዘሩ መኖር ይችላል ወይ?

በእነዚህ ስንመዝን የኪሃንሲ ጉርጥ በሦስቱም ታልፋለች። ለመዳን መጣች፤ በር ተከፈተላት፤ ጥቂት ጤዛና ቅጠል ያለበት ሣጥንም ለእርስዋ ዓለም ነው። የኖኅን መርከብ ስም ያነሣው ወንድማችንም የተናገረው በዚህ ላይ ነበር። ነገር ግን መርከቡ መርከብ የሆነው ውኃው ሲጎድል በሩ ስለ ተከፈተ ነው። በሩ ሳይከፈት የሚቀር መርከብ እስር ቤት ነው።

ሃፒ የምትባለው ዝሆን ግን በመመዘኛው አታልፍም። ከእስያ በሕፃንነትዋ ተወስዳ በ1977 ወደ ብሮንክስ መጣች። ዝሆን በመንጋ፣ ከእናትና ከአክስት ጋር፣ ሰፊ አገር እያቋረጠ የሚኖር እንስሳ ነው። እርስዋ ግን ጓደኞችዋ ከሞቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከሌላ ዝሆን ጋር ሳትቀላቀል ኖራለች። በ2006 በታተመ ምርምር፣ በግንባርዋ ላይ ነጭ ምልክት ተቀብቶ ትልቅ መስተዋት ሲቀርብላት፣ በመስተዋቱ እያየች ምልክቱን በኩምቢዋ ደጋግማ ነካች። ራስዋን ማወቅዋ ነው ተባለ። ከዚህ የተነሣ በ2018 ጠበቆች ለታሰረ ሰው የሚቀርበውን አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ስለ እርስዋ አቀረቡ። የኒው ዮርክ ከፍተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2022፣ 5 ለ2 በሆነ ድምፅ፣ ይህ መብት የሰው ብቻ ነው ሲል አቤቱታውን አልተቀበለውም።

ፍርዱ እንደ ሕግ ልክ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ሕግ አዋቂዎች አይደለንም። ነገር ግን መብት የሌለው ሁሉ ዕዳ የማንከፍልለት ነው ማለት አይደለም። ሕፃን ልጅ መክሰስ አያውቅም፤ ስለዚህ የእኛ ግዴታ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ዝሆን ፍርድ ቤት ቆማ መናገር ካልቻለች፣ ስለ እርስዋ የሚጠየቀው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው።

ከመካከላችን በዚህ ያልተስማሙ አሉ። «በዱር ያለው ዝሆንም ለጥርሱ ሲባል ይገደላል፤ ከጥይት አጥር ይሻላል» ይላሉ። ይህ ከባድ ሐሳብ ነው፤ አንንቀውም። መልሳችን ግን ይህ ነው፦ ቤቱ እየተቃጠለ ያለን ሰው አስጠግቶ ማሳደር ቸርነት ነው፤ እሳቱን ሳያጠፉ እንግዳውን ለጎረቤት እያሳዩ መኖር ግን ቸርነት አይባልም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ቀይ ቀበሮ የሚባለው የአገራችን እንስሳ በዓለም ላይ 500 ገደማ ብቻ ቀርቷል። በብሮንክስም ሆነ በየትኛውም መካነ አራዊት አይገኝም። መስተዋት ሣጥንም፣ የሚያባዛው ግቢም የለውም። መርከቡ የባሌና የስሜን፣ የሌሎችም ጥቂት ተራሮቻችን ደጋ ብቻ ነው። ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ከእኛ ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ በደጋ አካባቢ ዘመድ ያለን ወጣቶች፣ ለበዓል ስንሄድ «ውሻችሁን አስከትባችኋል ወይ?» ብለን ብንጠይቅ፣ ትልቅ ግቢ ገንብቶ አንድ ዝርያ ከመጨመር የማያንስ ሥራ ሠራን። ይህ ሥራ ተመልካች የለውም፤ በቁጥርም አይጻፍም።

ያቺ ልጅ አሁንም መልስዋን ትጠብቃለች። ባለፈው ሳምንት አግኝተናት፣ «አንበሳው ምንም አላጠፋም፤ ጥፋቱ የእኛ የትልልቆቹ ነው» አልናት። እርስዋም ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያውስ መቼ ይወጣል?» አለችን። ወንድሞችና እኅቶች፣ ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄዋ መልስ ያለው ካለ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዞ ይምጣ።