ከማጥበቅ በፊት

ከሞተር የወረደ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ተገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ ሞተሩ ለዓመታት ያሳለፈው ሁሉ ፊቱ ላይ ይነበባል። በቃጠሎ ክፍሎቹ ጣሪያ ላይ ጥቁር ጥላሸት ተጋግሯል። የውሃ መተላለፊያዎቹ አፍ ዝገትና ነጭ ቅርፊት ይዟል። በቴስታታውና ከሥሩ ባለው የሞተር አካል፣ በሞኖብሎኩ፣ መካከል የነበረው አሮጌ ጓርኒሲዮን ሲላቀቅ ግማሹ ከሞኖብሎኩ፣ ግማሹ ከቴስታታው ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። አዲሱ ጓርኒሲዮን ከነማሸጊያው ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ባለመኪናው መቼ እንደሚያልቅለት ይጠይቃል። በአሮጌውና በአዲሱ ጓርኒሲዮን መካከል ያለው ሥራ ማጽዳት ነው። ሲጠሩት ትንሽ ነው፤ ለረዳት የሚተው ይመስላል። እኔ ግን የታደሰ ሞተር ዕጣ በብዛት የሚወሰነው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ቴስታታ ብዙ ጊዜ የሚወርደው ሙቀት ስለጎዳው ነው። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣ ጭነት መኪና ከበረሃው ሙቀት ጋር እየታገለ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በደጋው ደግሞ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም ነው። የሞተሩ ውሃ ከዚያ በላይ ሞቆም ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝለት ነው። ክዳኑ ከላላ፣ ወይም ውሃው ከጎደለ፣ ሙቀቱ በቀጥታ ቴስታታው ላይ ያርፋል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከጊዛ ብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ሞኖብሎኩ ጊዛ በሆነበት ሞተር አንዱ ልስፋ ሲል ሌላው ይይዘዋል፤ ቴስታታው ይጎብጣል፣ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። ውሃ ወደ ዘይት ይገባል፤ ዘይቱ ነጥቶ ይወፍራል። ያን ጊዜ ቡሎኖቹ ይፈታሉ።

በቴስታታውና በሞኖብሎኩ መጋጠሚያ ላይ የሚጎራበቱትን ነገሮች ማሰብ ያስደንቃል። በአንድ በኩል እሳት አለ፤ በቃጠሎው ቅጽበት ሙቀቱ ከ2,000 ዲግሪ ያልፋል፣ በዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ግፊቱ ከከባቢው አየር ከመቶ እጥፍ በላይ ይሆናል። ከእሳቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ ውሃ ይዞራል። ከውሃው አጠገብ ዘይት በግፊት ሽቅብ ይወጣል። ሦስቱም በዚያች ጠባብ ፊት ላይ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ሞተሩም ደኅና የሚሆነው ሳይገናኙ እስከኖሩ ድረስ ነው። የሚለያያቸው አንድ ስስ ጓርኒሲዮን ብቻ ነው። እሱም ይህን የሚችለው ከላይና ከታች የሚያርፍበት ፊት ለጥ ያለና ንጹሕ ከሆነ ነው። በብዙ ሞተሮች የቴስታታ ፊት እንዲጎብጥ የሚፈቀድለት ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። የአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ዓይን የሚያልፋት የአሮጌ ጓርኒሲዮን ፍርፋሪ ትንሽ አይደለችም። አዲሱን ጓርኒሲዮን እሷ ካለችበት ቦታ ዙሪያ ከፍ አድርጋ ትይዘዋለች፤ እሳትም በዚያች ክፍተት መንገድ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ለሰው ሁሉ የሚመጣለት መፍትሔ አንድ ነው፤ ጠበቅ ማድረግ። ብረት ነው፣ ቡሎኑ ወፍራም ነው፣ ክንድ አለ፤ ፍርፋሪውን ጨፍልቆ ያስቀምጠዋል ይባላል። የቡሎን ጠባይ ግን ይህን ሐሳብ አይደግፍም። ቡሎን ሲጠብቅ ከምናወጣው ጉልበት ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው በፍትጊያ ያልቃል፤ ገሚሱ ከቡሎኑ ራስ ሥር፣ የቀረው በጥርሶቹ መካከል። ቴስታታውን ከሞኖብሎኩ ጋር አጥብቆ ለመያዝ የሚተርፈው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ጥርሱ ዝገት ወይም የደረቀ ዘይት ከያዘ ያቺ አንድ አሥረኛም ትሳሳለች። የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው ቶርክ መፍቻ ግን በተባለው ቁጥር ላይ ሲደርስ ቀጭ ይላል። መካኒኩ ላቡን ይጠርጋል፤ ቁጥሩ ሞልቷል፤ ቴስታታው ግን አልተያዘም።

ይህን ነገር ደጋግሜ አስበዋለሁ። መፍቻው የሚነግረን ምን ያህል እንደለፋን ነው፤ ምን ያህል እንደያዘ አይደለም። ሁለቱ የሚጣጣሙት በመካከላቸው ቆሻሻ በሌለ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥርሱን ማጽዳት ለመለኪያው እውነት የመስጠት ሥራ ነው። ባልጸዳ ቡሎን ላይ የተነበበ ቁጥር፣ አንባቢው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ሐሰት ነው።

ከቡሎኑ ይልቅ የሚረሳው ደግሞ የሚገባበት ጉድጓድ ነው። በብዙ ሞኖብሎኮች እነዚህ ጉድጓዶች ታችኛው ጫፋቸው ድፍን ነው። ቴስታታው ሲነሣ የፈሰሰ ውሃና ዘይት ወርዶ እዚያ ይቀመጣል፤ ከላይ ለሚያይ አይታይም። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም። ቡሎኑ ሲወርድ ያ ፈሳሽ መሄጃ ያጣና ግድግዳውን ይገፋል፤ ጊዛውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ያንን ጉድጓድ በኮምፕረሰር አየር ነፍቶ፣ በቀጭን እንጨት ላይ በተጠመጠመ ጨርቅ ታቹን ጠርጎ ማድረቅ ትንሽ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነው። አንድን ሙሉ ሞኖብሎክ ከመጣል የሚያድነው እሱ ነው።

ይሁን እንጂ ማጽዳት በራሱ ከጥፋት ነጻ አይደለም። የቸኮለ ሰው በአየር የሚሽከረከር ሻካራ ዲስክ ያነሣል፤ ፊቱም በደቂቃዎች ውስጥ ያበራል። ዲስኩ ግን ሲሽከረከር ራሱም ይበናል። ብናኙ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው፤ ከብረት የጠነከረ። በዘይት መተላለፊያ ገብቶ ከዘይቱ ጋር ይዞራል፤ የሚሽከረከረውን ዘንግ በተሸከሙት ለስላሳ ኩሽኔታዎች ውስጥ ተሰክቶ ዘንጉን ይሞርዳል። ጄኔራል ሞተርስ መካኒኮቹ ይህን ዲስክ በሞተር መጋጠሚያ ፊቶች ላይ እንዳይጠቀሙ በጽሑፍ እስከማስጠንቀቅ የደረሰው ስለዚህ ነው። ኮስቲክ ሶዳም እንዲሁ ነው። በፍል ውሃ በጥብጠው የጊዛን ቴስታታ ቢነክሩበት ቅባቱን ጠርጎ ያወርድለታል፤ አሉሚኒየሙን ቢነክሩበት ግን ከቆሻሻው ጋር ብረቱንም ይበላዋል።

እንግዲህ ማጽዳት ሁለት ነገር ይጠይቃል። ያልሆነውን ማንሣት፣ የሆነውንም መተው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ቆሻሻን ማንሣት ለጉልበተኛ ቀላል ነው፤ ቆሻሻው አልቆ ብረቱ የጀመረበትን ቦታ አውቆ እጅን መሰብሰብ ግን ትዕግሥት ያለው ሰው ሥራ ነው። ከዚያም የጽዳቱ ርዝራዥ ራሱ መነሣት አለበት፤ ብናኙ፣ የጨርቁ ክር፣ የማጽጃው ፈሳሽ። ካጸዳ በኋላ የራሱን ምልክት ትቶ የሚሄድ እጅ ገና አላጸዳም።

በደንብ የሚሠሩ ጋራዦች ውስጥ ይህ ሥራ ድምፅ የለውም። የዘይትና የውሃ ቀዳዳዎቹ በንጹሕ ጨርቅ ይደፈናሉ። የተጋገረው ጥላሸት በማለስለሻ ፈሳሽ ርሶ እንዲላቀቅ ይተዋል፤ በደረቁ አይፈነቀልም። ለአሉሚኒየሙ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መፋቂያ ይያዛል፤ የብረት ጫፍ የጫረው መስመር ነገ የጋዝ መንገድ ነውና። ረዳቱ ፈግፍጎ ፈግፍጎ፣ «ጋሼ፣ አሁንስ አይበቃም?» ይላል። ዋናው መካኒክ ቀና ሳይል፣ «እስቲ ዓይንህን ጨፍነህ በጥፍርህ ሂድበት» ይለዋል። ጥፍሩ አንድ ቦታ ላይ ያዝ ያደርገዋል፤ ልጁም ቃል ሳይጨምር መፋቂያውን መልሶ ያነሣል። ከዚያ በኋላ ቀጥ ያለው ማስመሪያ በፊቱ ላይ በርዝመቱም በአግድሙም ይጋደማል፤ ስስ የክፍተት መለኪያው፣ ፊለር ጌጁ፣ ከሥሩ ይገባ እንደሆነ ይሞከራል። ይህም ልኬት ትርጉም የሚኖረው ፊቱ ከጸዳ በኋላ ነው። ባልጸዳ ፊት ላይ የሚለካው ቆሻሻው ነው።

የዚህ ሥራ ዋጋ ደረሰኝ ላይ አይወጣም። ጓርኒሲዮኑ ተጽፎ ይታያል፤ ዘይቱ ይጻፋል፤ የእጅ ዋጋ በጥቅሉ ይጻፋል። ሲያልቅም ሥራው ይሸፈናል። ቴስታታው ሲያርፍ የጸዳው ፊት ከሰው ዓይን ይሰወራል፤ እንዳይታይ የተደረገ ንጽሕና ነው። ጥሩ የሠራና ያልሠራ መካኒክ ዛሬ የሚያስረክቡት ሞተር በመልኩ አንድ ነው፤ ሁለቱም በአንድ የቁልፍ ዙር ይነሣሉ፣ ድምፃቸውም ያምራል። ልዩነቱ የሚገለጠው ከወራት በኋላ፣ ከጋራዥ ርቆ፣ ዳገት ላይ ነው። ስለዚህ ያንን ፊት በጥፍሩ የሚዳስስ ሰው የሚሠራው ለማያየው መንገድና ለማያውቀው ተሳፋሪ ነው። ይህን ሙያ ብቻ ብዬ ማለፍ ይከብደኛል፤ ሃይማኖት ካለው ሰው የምንጠብቀው ዓይነት ታማኝነት አለበት።

ቡሎኖቹም በመጨረሻ ይጠብቃሉ፤ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ። በንጹሕ ፊት ላይ ይህ ሥራ የሚገርም ቅለት አለው፤ መፍቻው ያለ እንቅፋት ይዞራል፣ ቁጥሩም የሚለውን ይላል። ጉልበት የሚበዛው ንጽሕና የጎደለበት ቦታ ነው። ሁለት ነገሮችን አጥብቆ ማገናኘት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው በመካከላቸው ምን እንደቀረ ነው፤ ምን ያህል ላጥብቅ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ነው።