እንቁላሉና ዶሮይቱ

አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉ ችኩሉን ለመገሠጽ እንደ ሆነ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ነገር ግን እንቁላል ብቻውን ዓመት ቢቆይ ይገማል እንጂ እግር አያወጣም፤ በእግሩ የሚሄደው 21 ቀን ሳትሰለች የታቀፈችው፥ በአፍዋ እያገላበጠች ያሞቀችው እናት ስላለችው ነውና፥ የምሳሌው ምሥጢር ከዝግታው ይልቅ ባልተቋረጠው ሙቀት ላይ ያለ ይመስለኛል።

ይህን ያሳሰበኝ በድባቴ ደዌ የተያዘ ሰው ከአንዱ መድኃኒት ወደ ሌላው ሲዛወር የሚያልፍበት ወራት ነው። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ መርጡለ ማርያም የሚሻገር መንገደኛ የሚሄደው ከደጋ ወደ ደጋ ቢሆንም በመካከል የዓባይ በረሃ አለና ሳይወርድ አይወጣም፤ ሕሙሙም እንዲሁ ነው። ፍሉኦክሰቲን ሲወስድ ኖሮ ወደ አሚትሪፕቲሊን የሚዛወር ቢሆን፥ የፊተኛው ርዝራዥ እስከ 5 ሳምንት ድረስ በሥጋው ውስጥ ቆይቶ የኋለኛውን ኃይል ስለሚያበዛው፥ ሐኪሙ አዲሱን በጥቂቱ ይጀምርለታል። ቶሎ ከደም የሚወጣውን መድኃኒት በድንገት የተወ ደግሞ በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱ ይዞራል፥ ሌሊቱን ይቃዣል፥ ያለ ምክንያት ይቆጣል፥ ያለቅሳልም፤ ያን ጊዜ ቤተ ሰቡ «ሕመሙ አገረሸበት» ይላል። ያገረሸ ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። አዲሱ መድኃኒት ፍሬውን የሚያሳየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለ ሆነ (የዶሮይቱ ቀን በዚህ መካከል መግባቱ ደስ ያሰኘኛል) በ10ኛው ቀን ኪኒኑን የጣለ ሰው ከእንቁላሉ ላይ የተነሣችውን ዶሮ ይመስላል። ወደ ጸበል የሚሄደውንም አልነቅፍም፤ ብቻ ኪኒኑን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ይሂድ።

ምሳሌው የማይደርስበት ስፍራ ግን አለ። ሕሙሙ ሞቱን መመኘት ቢጀምር፥ ወይም እንቅልፍ አጥቶ ያለ ልክ ቢፈነድቅና ንግግሩ ማቆሚያ ቢያጣ፥ «ቀስ በቀስ» ማለት ጥፋት ነው፤ ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ሌሊት ወደ ሐኪም ሊያደርሱት ይገባል።

ከዚህ በቀር፥ በአገራችን ቀን የሚቈጠረው በታቦት ስለ ሆነ፥ አስታማሚ እናት ከሐኪሙ መዝገብ የማያንስ መዝገብ በልብዋ ትይዛለች፤ በቀጠሮው ቀን ሲጠይቃትም እንዲህ ትለዋለች፦ «ከሚካኤል ማግሥት ጀምሮ እንቅልፍ አጣ፤ በኪዳነ ምሕረት ሲያለቅስ ዋለ፤ በገብርኤል እንጀራ አምጪልኝ አለኝ።»