የጠገበው ሰው ያውቃል

«የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» የሚለውን ተረት እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ያለ ክርክር አምን ነበር። እናቴ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ምጽዋት ሰጥታ ስትመለስ ትለው ነበር። እኔም ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት ያሳዘነኝ ቀን እሱን አነሣና ልቤን አሳርፍ ነበር። ሆዱ የሞላ ሰው የሌላው ሆድ አይታየውም፤ አለቀ። ከተረቱ ጋር የተጣላሁት ካዛንቺስ ውስጥ፣ አንድ በረንዳ ላይ ቡና ስጠጣ ነው።

በረንዳው ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ስለው የኖርኩት ነጋዴ ቤት ነው። ከግቢው አጥር ወዲያ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ፤ ከነዚያ ክፍሎች በአንዱ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላት ሴት በደባልነት ትኖር ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን የጋሼን ቤት ልብስ ታጥባለች። ልጆቹ ታመው ባደሩ ሌሊት እሷም አብራ አድራለች። አንድ እድር ነበራቸው። ባሏ የሞተ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን የተቀመጠው፣ ለቀብሩ የጎደለውን ከኪሱ የሞላው እሱ ነው። የበላችውንም ያልበላችውንም ቀን ያውቃል፤ የአጥሩ ቆርቆሮ ቀጭን ነበር፣ የልጆቿ ድምፅ ያልፋል።

ቡናውን በጠጣሁበት ቀን ከአጥሩ ወዲያ ቤት አልነበረም። በጥቅምት 2017 የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደርሶ ነበር። ቆርቆሮው ተጠቅልሎ ተጭኗል፤ ጭቃው ክምር ሆኗል። የቀበሌ ቤት ውል የነበራቸው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ሄደዋል። እትዬ ስሟ ውል ላይ ስላልነበረ ምትክ ቤት አላገኘችም፤ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ገብታለች። ጋሼ ክምሩን እያየ፣ በረጋ ድምፅ፣ «ለጊዜው ያማል፤ ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። እንዲያውም አዝኖ ነበር። ያስደነገጠኝ ማዘኑ ነው፤ እናቴ ስለ ጠገበ ሰው የነገረችኝ ይህን አልነበረምና።

ተረቱ የጠገበውን በአንድ ነገር ይከሰዋል፤ ባለማወቅ። «አይመስለውም» ሲል ውስጡ ምሕረት አለ፤ ቢያይማ ኖሮ ይሰጥ ነበር ማለት ነው። ይህ ምሕረት አዲስ አበባ ላይ ቦታ የለውም። ይህች ከተማ የቆመችው በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ነው፤ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር ሲባል ጌታውም ሎሌውም እዚያው ናቸው። ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከሚባሉት ቤቶች ነው፤ በቤቶቹ ዙሪያ ግን ልብስ አጣቢው፣ ጠጅ ሻጩ፣ ዘበኛው፣ እንጨት ተሸካሚው ሰፈረበት። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስም ጥቂት ብር የሚከፍለው ተከራይ ከትልልቁ ሆቴል ጀርባ እንደተቀመጠ ቀረ። የናይሮቢ ሀብታም ኪቤራን ሳይረግጥ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። የካዛንቺሱ ግን መኪናውን ሲያወጣ ጉልት ላይ የተቀመጠችውን ሴት ሰላም ሳይል አያልፍም ነበር፤ ሽንኩርትም የሚገዛው ከእሷ ነበር። ስለዚህ እዚህ ሰፈር የጠገበ የተራበ እንዳለ ያውቃል፤ ስሟን፣ የልጇን ክፍል፣ የእቁብ ዕጣዋን ጭምር ያውቃል።

ጭቃ ቤቱን እንዳለቀስኩለት አይቆጠርብኝ። አንድ መጸዳጃ ቤት ለአንድ ግቢ ሙሉ ሰው፣ ክረምት በገባ ቁጥር የሚያፈስ ጣሪያ፤ ይህን የኖረበት ሰው ፍቅር ብሎ አይጠራውም። የማለቅሰው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ እያወቁ ስለ መተው።

አያቶቻችን ስለ 1966ቱ የወሎ ረሃብ ሲያወሩ «ንጉሡ አልሰሙም ነበር» የሚሉ ነበሩ። ተረቱ ቤተ መንግሥት ገብቶ ጥብቅና ሲቆም ይኸው ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ ቴሌቪዥኑ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ ወሎ ላይ የቀረጸውን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ አሳየ። የተመለከተው ሁሉ አለማወቅንና ጥጋብን ጎን ለጎን ያየ መሰለው። ነገር ግን ከዚያ በፊት በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ የመጡ የተራቡ ገበሬዎች ነበሩ፤ ፖሊስ መለሳቸው። የሚመልስ ሰው ማን እንደመጣ ያውቃል። ደርግም መስከረም 1977 ላይ አሥረኛ ዓመቱን በድግስና በሰልፍ ሲያከብር ሰሜኑ እየረገፈ እንደነበር ያውቅ ነበር። ዘውድም ሶሻሊዝምም ይህን አድርገዋል፤ ስለዚህ ሁሉን ነገር በነጻ ገበያ ላይ ልጭን አልችልም።

ነጻ ገበያ የጨመረው አንድ ነገር አለ፤ እሱን የገለጠልኝም ያው ወሎ ነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ያንን ረሃብ መርምሮ ነበር። ሰው እየሞተ ሳለ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እህል እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ምክንያቱ ቀላልና አሳማሚ ነው። አዝመራው የጠፋበት፣ ከብቱ ያለቀበት ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ረሃቡ ገበያ ላይ ድምፅ አልነበረውም። ገበያ የሚሰማው የሚከፍለውን ሰው ነውና፣ እህሉ ወደሚከፍሉት ሄደ። «ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር ያንን የእህል መኪና አያለሁ፤ ከተራበው ወደ ጠገበው እየሄደ፣ ሕግም ሳይጥስ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትም በዚያው ቀን 3.4 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብር አለፈ። ለዚህ ውሳኔ የሚቀርበው ክርክር ባዶ አይደለም፤ የጥቁር ገበያው ዋጋ ከባንኩ ዋጋ እጥፍ ሊሆን ደርሶ ነበር። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ በዚያ ሳምንት የዘይቱን የዋጋ ጭማሪ የተሸከመው ማን ነው? የጋሼ ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ነውና ዋጋውን ጨመረ። የእትዬ እጅ ግን ዋጋውን አልጨመረም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፤ የቤት ውስጥ አገልግሎት ደግሞ ከዚያ አዋጅ ውጭ ነው። ስለዚህ ለልብስ አጣቢ የሚጨምርላት ወይ ሕግ፣ ወይ አሠሪዋ ነው። ሕጉ የለም። አሠሪዋም ገበያውን እየጠበቀ ነው።

«ገበያው» የሚለው ቃል ለጋሼ የሚሠራለት ሥራ እዚህ ላይ ነው። የሚያውቀውን ነገር አያጠፋለትም፤ መልስ የመስጠቱን ግዴታ ከትከሻው ያወርድለታል። ድሮ እናቱ በር ላይ የመጣ ለማኝ ሲያዩ ወይ ይሰጡ ነበር፣ ወይ «እግዜር ይስጥህ» ብለው እያፈሩ ይመልሱ ነበር። ያ ማፈር ቢያንስ ጥያቄው ለእሳቸው እንደቀረበ ያምን ነበር። ልጃቸው ግን ጥያቄውን ወደሌለ ሰው አስተላልፎታል፤ ለዚህም ነው ፊቱ የረጋው።

የሚያውቀው ጋሼ ብቻ አይደለም። ከሰፈሩ ፊት ለፊት ያለው አፍሪካ አዳራሽ፣ ግንቦት 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት፣ በዚያው በጥቅምት 2017 ታድሶ ተመረቀ። በግቢው ውስጥ ስለ ድህነት የሚያጠኑ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች አሉ፤ ለዓመታት ምሳቸውን ከመንገዱ ማዶ የካዛንቺስ ሴቶች ሲሠሩላቸው ኖረዋል። አሁን ሴቶቹ ሩቅ ናቸው። የጋሼ የልጅ ልጅ በዚያ በረንዳ ላይ ሲያድግ ከአጥሩ ወዲያ መናፈሻና መስታወት ነው የሚያየው። ለእሱ የእናቴ ተረት እውነት ይሆንለታል፤ የተራበ ያለ አይመስለውም። አያቱ ግን በዚያ ምክንያት ሊሸሸግ አይችልም፤ እሱ አጥሩ ቀጭን ሳለ ኖሯል።

ባለፈው ሳምንት እትዬን ካዛንቺስ ታክሲ መያዣ አገኘኋት። አሁንም በሳምንት ሁለት ቀን የጋሼን ልብስ ታጥባለች። ሁለት ታክሲ ትይዛለች፤ ለመድረስ ሌሊት 10 ሰዓት ትነሣለች፤ የትራንስፖርቱ ዋጋ ከቀን ክፍያዋ ላይ ይወጣል። ልቤ ተቃጥሎ ነበርና ተረቱን ነገርኳት፤ «አየሽ እትዬ፣ የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» አልኳት።

«ተው፣ ይሄ ልክ አይደለም» አለችኝ። የእጆቿን ቆዳ ሳሙናው እንደላጠው አየሁ። «ያውቃል ልጄ። ባያውቅ ኖሮ እነግረው ነበር።»

ሰልፉ እየረዘመ ስለነበር ፌስታሏን አንሥታ ወደ ኋላው ሄደች።