መለወጥ ክህደት ነውን?

«ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ አባባል ያደገ ኅሊና ትናንት የተናገረውን ዛሬ የሚለውጥ ሰው ሲያይ ፈጥኖ ይጠራጠራል። በስደት በሚኖር ተማሪ ዘንድ ደግሞ ጥርጣሬው ይበረታል፤ ከአገሩ ለራቀ ሰው አቋሙ ይዞት ከወጣው ጥቂት ሀብት አንዱ ነውና። አቋሙን የለወጠ ወዳጅ «ወላዋይ»፣ ሲብስም «ከሃዲ» ይባላል። ይሁን እንጂ መለወጥ ሁሉ ክህደት ነውን? ጥያቄውን በደፈናው ከመመርመር ይልቅ በአንዲት ብራዚላዊት ዘፋኝ ሕይወት ላይ ማየት ይሻላል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናራ ሌያኦ በ1942 በቪቶሪያ ከተማ ተወልዳ በሪዮ ዴ ዣኔይሮ አደገች። አባቷ የሕግ ጠበቃ ነበሩ፤ ቤታቸውም በኮፓካባና የባሕር ዳርቻ የሚገኝ አፓርታማ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ወጣት ሙዚቀኞች ጊታራቸውን ይዘው ከሚሰበሰቡባቸው ቤቶች አንዱ ይኸው ነበር። ቦሳ ኖቫ የተባለው አዲስ ስልት በዚያን ጊዜ ተወለደ። የሳምባን ምት በአንድ ጊታር ላይ አሳርፎ፣ ድምፅን ከሹክሹክታ ጥቂት ብቻ ከፍ አድርጎ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ባሕር የሚያዜም ስልት ነበር። የናራ ትንሽና ለስላሳ ድምፅም ለዚሁ የተፈጠረ ይመስል ነበር።

በ1964 የመጀመሪያ ሸክላዋ ሲወጣ ግን ካርቶላን፣ ኔልሰን ካቫኪኞንና ዜ ኬቲን የመሳሰሉ የሳምባ ደራሲዎችን ሥራ አሰማች። በዚያው ዓመት በማርች መጨረሻ የጦር መኮንኖች በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ። እርሷም ለጥቂት ሰዎች በክፍል ውስጥ የሚዘፈነው ቦሳ ኖቫ እንደ በቃት በይፋ ተናገረች። በዲሴምበር አውጉስቶ ቦአል ባዘጋጀው «አስተያየት» በተባለ ትርኢት ከዜ ኬቲና ከማራኛዎ ክፍለ ሀገር ከመጣው ከዡዋኦ ዶ ቫሌ ጋር በአንድ መድረክ ቆመች።

የቀድሞ ወዳጆቿ ቅር ተሰኙ። ሌላም የሚከብድ ጥያቄ ይነሣል፤ የኮፓካባና ልጅ ስለ ድሃ ሰፈር ኑሮ ልትዘፍን ምን መብት አላት? ጥያቄው በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ የድሃን ሰቆቃ ለባለጸጋ ጆሮ ማጣፈጫ ማድረግ አለና። ናራ ግን ዘፈኑን ብቻ አልወሰደችም፤ ከደራሲዎቹ ጎን ቆማ አብራ ዘፈነች። ይህ የመደብ ልዩነቱን አልፋቀውም። ሆኖም ሰው የተወለደበትን ቤት አይመርጥም፤ የሚጠየቀው ካደገ በኋላ በመረጠው ነው።

በ1966 ለአንድ ጋዜጣ በሰጠችው ቃል የጦር ሠራዊቱን በግልጥ ነቀፈች። ባለሥልጣኖቹ ሊከሷት ሲያስቡ ባለቅኔው ካርሎስ ድሩሞን ደ አንድራዴ እንዳትታሰር የሚሟገት ግጥም ጻፈላት። እስከዚህ ያለውን ብቻ ያየ ሰው መንገዷ ቀጥ ያለ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን በጁላይ 1967 በሳኦ ፓውሎ ስመ ጥር ሙዚቀኞች፣ የባዕድ ባህል ወረራን ለመቋቋም በሚል፣ የኤሌክትሪክ ጊታርን የሚቃወም ሰልፍ ወጡ። ናራ ከካይታኖ ቬሎዞ ጋር ሆና ሰልፉን ከሆቴል መስኮት ተመለከተች። የፋሺስቶችን ሰልፍ እንደሚመስል መናገሯን ካይታኖ በኋላ ተርኳል። በ1968ም የኤሌክትሪክ ጊታርን ከአገሩ ዜማ ጋር ባዋሐደው በትሮፒካሊያ ሸክላ ላይ ዘፈነች። ለሕዝብ መቆርቆር መሣሪያ ወደ ማውገዝ ሲወርድ አልተከተለችም።

በዲሴምበር 13 ቀን 1968 የወጣው አምስተኛው ተቋማዊ ድንጋጌ የሕዝብ እንደራሴዎችን ምክር ቤት ዘጋ፤ አፈናውንም አከበደ። ካይታኖና ዢልቤርቶ ዢል ታስረው በኋላ ወደ ሎንዶን ተሰደዱ። ናራም በ1969 ከባለቤቷ ከፊልም አዘጋጁ ካካ ዲዬጌስ ጋር ወደ ፓሪስ ሄደች። እዚያ ሳለች የቀረጸችው፣ በ1971 «ከዐሥር ዓመት በኋላ» በሚል ስም የወጣው ጥንድ ሸክላ የያዘው ያንኑ ቀድሞ የተወችውን ቦሳ ኖቫን ነው።

ታዲያ የ1964 ቃሏ ሐሰት ነበርን? አይመስለኝም። ያን ጊዜ የተቃወመችው በራሱ ረክቶ በሩን የዘጋውን ክበብ ነበር። በፓሪስ ግን ክበቡ ፈርሶ ወዳጆች ተበትነዋል፤ ዜማውም ካጣችው አገር ክፍል አንዱ ሆኗል። «ወገን በሚገረፍበት ሰዓት ስለ ባሕር መዘመር ይገባልን?» የሚል ይኖራል። ወቀሳው ክብደት አለው፤ ዘፈን በተቃውሞ ፋንታ የቀረበ እንደሆነ በእርግጥ ሽሽት ነውና። እርሷ ግን ስለ ሠራዊቱ የተናገረችውን በዚያ ሸክላ አልሻረችም። ስደተኛ ታማኝነቱን በቁጣ ዘፈን ብቻ ያስመስክር ካልን፣ ምን መውደድ እንደሚገባን የሚወስኑልን አሳዳጆቻችን ይሆናሉ።

ናራ ወደ አገሯ ተመልሳ ሥነ ልቡና ተማረች። በ1979 የአንጎል ዕጢ ተገኘባት፤ ቢሆንም መዝፈኗን አልተወችም። የወታደሮቹ አገዛዝ በ1985 ሲያበቃ ለማየት በቃች፤ በጁን 7 ቀን 1989 በ47 ዓመቷ ዐረፈች።

እንግዲህ ወዳጃችን አሳቡን በለወጠ ጊዜ፣ ስም ከመስጠታችን በፊት የምንጠይቀው ይኑር። ለውጡ ሹመት ወይስ ችግር አመጣለት? በግልጥ ተናገረው ወይስ ሸሸገው? ትናንት አብረውት የቆሙትን ለአሳዳጅ አሳልፎ ሰጥቷልን? መመዘኛው ፍጹም አይደለም፤ ዋጋ ከፍሎ የሚሳሳትም አለና። ነገር ግን ሰውን በትናንት ቃሉ ብቻ ከመያዝ የበለጠ ፍትሕ አለው። የእምነት ዕዳ የምንከፍለው ለሰው ነው፤ አብረውን የቆሙትን ሳንከዳ መንገዳችንን ብናርም ዕዳው አልጠፋም።