ጉርሻ ደመወዝ ይሆናልን?

በቋንቋችን «ጉርሻ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። አንደኛው በማዕድ ዙሪያ እንጀራው በወጥ ተጠቅልሎ ወደ ወዳጅ አፍ የሚዘረጋው ነው። ሁለተኛው ተመጋቢው በልቶ ሲነሣ ላስተናገደው ሰው ጠረጴዛ ላይ ትቶት የሚሄደው ገንዘብ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም፤ ሁለቱም ከሰጪው ፈቃድ የሚመጡ ናቸውና። ለምን አላጎረስከኝም ብሎ ዳኛ ፊት የቆመ ሰው አናውቅም። ደመወዝ ግን እንዲህ አይደለም። ሥራው በተሠራበት ሰዓት ዕዳ ሆኖ አሠሪው ላይ ይቀመጣል። እንግዲህ የአንዱ ሰው ስጦታ የሌላውን ሰው ዕዳ ሊከፍል ይችላልን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህን ነው።

ውድ አንባብያን፣ ጥያቄውን ለክርክር ያህል አላነሣነውም። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ከምንኖር ተማሪዎች ብዙዎቻችን ቀን ትምህርት ላይ ውለን ማታ ትሪ የምንሸከም ነን። ከእኛው መካከል አንዲት እኅት ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ በቨርጂኒያ፣ በአንድ የአገራችን ሰው ምግብ ቤት ሠላሳ ስምንት ሳምንት ሠራች፤ ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 2025 ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት «ልምምድ ነው» ተብላ አንድ ሳንቲም አላገኘችም፤ ጉርሻውም ለአሠልጣኟ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሠላሳ አምስት ሳምንታት የተተወላትን ጉርሻ ብቻ ይዛ ትገባ ነበር። ደመወዝ የሚባል ነገር እጇ ገብቶ አያውቅም። በመጨረሻ ፈራ ተባ እያለች ስትጠይቅ ባለቤቱ የሰጣት መልስ፦ «ልጄ፣ አገሩን ሳታውቂ ያስገባሁሽ እኔ አይደለሁም ወይ? በቀን የምታገኚውን ጉርሻ እኔ አላየሁትም መሰለሽ?» የሚል ነበር። እርሷም ወደ እኛ መጥታ፦ «ጋሼን ብከስ ነውር ይሆንብኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀችን። ለሁለት ተከፈልን።

በቅድሚያ ሕጉ ምን እንደሚል ብናይ መልካም ነው፤ ብዙዎቻችን እየሠራንበት አናውቀውምና። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ዝቅተኛው ክፍያ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ነው። ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ ግን አሠሪው ከኪሱ 2.13 ዶላር ብቻ ከፍሎ የቀረውን 5.12 ዶላር ከጉርሻው እንዲያስብ ተፈቅዶለታል። ይህ 2.13 ከ1991 ጀምሮ ፈቀቅ አላለም፤ ከእኛ መካከል ያኔ የተወለደ የለም። ሆኖም ፈቃዱ ልጓም አለው። አንድ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ሠርቶ 150 ዶላር ጉርሻ ቢያገኝ፣ ከ85.20 ዶላር ደመወዙ ጋር 235.20 ይሆናል። የ40 ሰዓት ዝቅተኛ ክፍያ 290 ዶላር ስለሆነ የጎደለውን 54.80 አሠሪው መሙላት ግዴታው ነው። ይህን አሠራር ለሠራተኛው አስቀድሞ ያላስታወቀ አሠሪ ጉርሻውን በደመወዝ ሊያስብ አይችልም። የልምምድ ጊዜም ሥራ ነው፤ ይከፈልበታል። በ2018 በወጣ ማሻሻያ ደግሞ ባለቤትም ሆነ ማናጀር ከሠራተኛው ጉርሻ እንዳይካፈል ተከልክሏል። በ2.13 ዶላር ከሚሠራ ሰው ላይ ስለ ተሰበረ ብርጭቆ ወይም ሳይከፍል ስለ ወጣ ደንበኛ መቁረጥም አይፈቀድም። (ከመካከላችን አንዱ የስድስት ብርጭቆ ዋጋ ተቆርጦበታል፤ የሰበረው አራት ነበር።)

የክፍለ ሀገሩ ሕግ ከፌዴራሉ ከፍ ያለ ሲሆን ከፍ ያለው ይሠራል። ቨርጂኒያ በ2025 ዝቅተኛውን ክፍያ 12.41 ዶላር አድርጋ ነበር፤ ለጉርሻ ሠራተኛ ከአሠሪው ኪስ የሚወጣው ግን እዚያም ያው 2.13 ነው። በካሊፎርኒያና በሌሎች ጥቂት ክፍለ ሀገሮች ጉርሻን በደመወዝ ማሰብ ጭራሽ የለም።

ይህ ልማድ ከየት መጣ ብለን ስንጠይቅ ያገኘነው ታሪክ ደስ አያሰኝም። በአሜሪካ ጉርሻ የተስፋፋው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነው። ነጻ የወጡ ጥቁሮች በምግብ ቤትና በባቡር ሲቀጠሩ አሠሪዎች ደመወዛቸውን እጅግ አሳንሰው የቀረውን ለተሳፋሪው ቸርነት ተዉት። የፑልማን ኩባንያ የመኝታ ባቡር አስተናጋጆች የታወቁት ምሳሌ ናቸው፤ በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቁመው ከኩባንያው ጋር ውል የተፈራረሙት በ1937 ነበር። በዓመቱ፣ በ1938፣ የዝቅተኛ ክፍያ ሕግ ሲወጣ የምግብ ቤት ሠራተኛው ተዘለለ። በ1966 ሲገባም የገባው ጉርሻው በደመወዝ እየታሰበበት ነው። እንግዲህ ይህ ሥርዓት ሲጀመርም የአሠሪውን ዕዳ ወደ እንግዳው ኪስ ማዛወር ነበር።

የምግብ ቤት ባለቤቶችን ወገን አለመስማት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆንብናል። የቤት ኪራዩ፣ የጤፉና የሥጋው ዋጋ፣ ማክሰኞ ማታ ባዶውን የሚያድረው አዳራሽ፤ ይህን ሁሉ በዓይናችን አይተናል። በዋሽንግተን ከተማ በኅዳር 2022 ሕዝቡ የጉርሻ ሠራተኛው ደመወዝ ቀስ በቀስ ከሌላው ሠራተኛ እኩል እንዲሆን ድምፅ ሰጥቶ ነበር፤ በ2025 የከተማው ምክር ቤት ጉዞውን አዘገየው። በዚያ ክርክር ጊዜ አንዳንድ አስተናጋጆች ራሳቸው ለውጡን ተቃውመዋል፤ ቅዳሜ ማታ በአንድ እጅ የሚገባው ጉርሻ ከየትኛውም ደመወዝ ይበልጣልና። ምግብ ቤቶችም የአገልግሎት ክፍያ እያሉ ሒሳቡ ላይ መጨመር ጀመሩ። ተመጋቢው ጉርሻ የከፈለ መስሎት ይሄዳል፤ በፌዴራል ሕግ ግን ግዴታ የሆነ የአገልግሎት ክፍያ የቤቱ ገቢ እንጂ የአስተናጋጁ ጉርሻ አይደለም። ቢሆንም፣ ደመወዙ ስንት ይሁን ብሎ መከራከር አንድ ነገር ነው፤ የተወሰነውን አለመክፈል ሌላ ነገር ነው። የእኅታችን ጉዳይ ሁለተኛው ነው።

ከሁሉ ያከራከረን ግን ውለታው ነው። ሰውየው አልዋሸም። ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበላት፣ ሁለት ወር ያለ ኪራይ ያስቀመጣት እርሱ ነው። ስለዚህ ከእኛ አንዳንዶቹ «ያጎረሰ እጅ አይነከስም፤ ትተወው» አሉ። ሌሎቻችን ግን እንዲህ ብለን መለስን። ለውለታው ዋጋ ተምኖ ከደመወዟ ላይ ከቆረጠው ቀድሞውንም ውለታ አልነበረም፤ ብድር ነበር። ብድር ከነበረ ደግሞ መጠኑን አስቀድሞ ሊነግራት ይገባ ነበር። ውለታ ከነበረ እርሷ በጊዜዋና በፈቃዷ ትመልሰዋለች፤ እርሱ በፈቃዱ ከላቧ ሊወስደው አይችልም። የቀን ሠራተኛ ዋጋው ሳይከፈለው ፀሐይ እንዳትገባበት የሚያዘው የሙሴ ሕግም ሠራተኛው ወንድም ይሁን መጻተኛ አልለየም። እንዲያውም የአገር ልጅነት እዚህ ላይ የሚጎዳ ሆኖ አገኘነው። ባዕድ አሠሪ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ትጠይቀው ነበር፤ ጋሼን ግን ሠላሳ ስምንት ሳምንት አፈረችው።

እኅታችን የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት በደብተር ጽፋ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አብረን ደመርነው። በሳምንት 36 ሰዓት ነው። የልምምዱ 108 ሰዓት በ12.41 ሲባዛ 1,340.28 ዶላር ሆነ። የቀረው 1,260 ሰዓት፣ ጉርሻው ሌላውን ሁሉ ሸፍኗል ብንል እንኳ፣ በ2.13 ሲባዛ 2,683.80 ነው። በድምሩ 4,024.08 ዶላር፤ ይህም የመጨረሻው ዝቅተኛ ሒሳብ ነው። ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ገንዘብ አያስከፍልም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ያለውንና የሌለውንም ሕጉ አይለይም። ጠየቅሽ ብሎ ማባረርም ክልክል ነው።

እርሷ ግን አስቀድማ ደብተሩን ይዛ ወደ ጋሼ መሄድን መረጠች፤ እኛም ሁለት ሆነን ተከተልናት። ሰውየው ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠ፣ ብዙም ዝም አለ፣ «ቆጥረሽብኝ ነበር?» አለ። ከዚያም የልምምዱን ብር በቼክ ጽፎ ሰጣት፤ ስለቀረው አልተናገረም። የፌዴራሉ ሕግ ለክስ የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት፣ አሠሪው ሆን ብሎ ካጠፋ ሦስት ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም በእያንዳንዱ ክፍያ ቀን ነው። እርሷ እስካሁን አልወሰነችም። ደብተሩ እኛ ዘንድ ተቀምጧል።