መከራ ሁሉ ቅጣት ነውን?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ዝናብ በቀረ ቁጥር «የወንጀላቸው ውጤት ነው» የሚል አይጠፋም። እስቲ ቱኒዚያ ውስጥ ኤል ከፍ የተባለውን ስፍራ እንመልከት። በዚያ አለት ውስጥ ፎራሚኒፌራ የተባሉ፣ በአጉሊ መነጽር የሚታዩ የባሕር ፍጡራን ቅሪት ይገኛል። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዓይነታቸው ብዙ ነበር፤ ከአንዲት ስስ የሸክላ ንጣፍ በላይ ግን አብዛኞቹ የሉም። ከሕዋ የመጣ ግዙፍ አለት ምድርን መትቷልና። ለመሆኑ ወንጀላቸው ምን ነበር? የተረፉት ጥቂቶችም ትንንሾቹና ያገኙትን ችለው የሚኖሩት እንጂ ደጋጎቹ አልነበሩም።

እርግጥ ሰው እንደ ደቂቅ ፍጡር አይደለም፤ ይጠየቃል። ግን ማን? በመስከረም 1977 ሰሜኑ ሲራብ አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ይደገስ ነበር። ተጠያቂው የተራበው ነው ወይስ ደጋሹ?