የመጥረቢያው እጀታ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

አቡ ዳውድ ከዘገቡት ታሪክ እንነሳ። ከአንሷር ወገን የሆነ አንድ ድሃ ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ለልመና መጣ። ቤቱ ምን እንዳለው ቢጠይቁት፣ ከፊሉን የሚለብሰው ከፊሉን የሚያነጥፈው ጨርቅና አንድ የውኃ መጠጫ ብቻ ነበረው። ሁለቱን አስመጥተው በጨረታ በሁለት ዲርሃም ሸጡለት። በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት። እጀታውን በገዛ እጃቸው ገጠሙለትና እንጨት ቆርጦ እንዲሸጥ፣ እስከ 15 ቀንም እንዳያያቸው ነገሩት። ሰውየው አሥር ዲርሃም ይዞ ተመለሰ። (ሊቃውንት በሰነዱ ላይ ቢነጋገሩም፣ እንጨት ተሸክሞ መሸጥ ከልመና እንደሚሻል ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሥ ጸንቷል።)

ልብ በሉ! መሪው መሣሪያ አስያዙት፤ ቀን ቀጠሩለት፤ ሲመለስም ውጤቱን ተቀበሉት።

ይህን ይዘን ሐረር እንግባ። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚወስደው ጠባብ መንገድ የስፌት መኪኖች ጩኸት ለመንገዱ ስም አውጥቶለታል፤ መኪና ግርግር ይባላል። ልብስ ሰፊዎቹ ሙያውን ከአባት ወይም ከአጎት አጠገብ ተቀምጠው የቀሰሙ ናቸው። በጀጎል ቤቶች ስፌት የሚሰፉ እናቶችም እንዲሁ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ስማችን በዓለም ናኘ። ባለሙያው ግን «የምስክር ወረቀትህ የታል?» ሲባል የሚያሳየው መርፌውን ነው።

በሕግ በኩል በሩ አልተዘጋም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ፣ ሙያ በትምህርት ቤትም ሆነ በሥራ ቦታ ይገኝ፣ ተመዝኖ እውቅና እንዲያገኝ አቅጣጫ አስቀምጧል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቋቁሟል። ታዲያ የዕለት ጉርሱን ከመኪናው ሥር የሚያወጣ ሰው ሱቁን ዘግቶ የምዘና ጣቢያ ይፈልግ ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? መዛኙ መኪና ግርግር ድረስ ይውረድ እንጂ! ለእናቶች ደግሞ ሴት መዛኝ እቤታቸው ትምጣ። ቆርጦ የሰፋው ልብስ ከፈተና ወረቀት ይልቅ ይመሰክርለታል።

እኛስ? ልጁ ከቀትር በኋላ በርጫ ሲቀመጥ ዝም የሚል አባት፣ መቀስ ሲይዝ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ ልብስ ሰፊ ልትሆን?» ይላል። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ንጉሥ ሆነው ሳለ ጥሩር ይሠሩ ነበር፤ ቀለበቶቹን በልክ እንዲያደርጉም ከአላህ ታዘዋል (ሱረቱ ሰበእ 34፡11)። ሙያ እንዴት እንደሚሞት የሐረር የመጽሐፍ ድጉሰት ይናገራል። አቶ ዐብዱላሂ ዐሊ ሸሪፍ ያን ጥበብ ለማንሰራራት በሙዚየማቸው ስንት ደክመዋል!

አንድ ነገር ልጨምር። ሐረር የሻፊዒይ መዝሀብ አገር ናት። በመዝሀቡ ሙያ ያለው ድሃ የመሣሪያው ዋጋ ከዘካ እንዲሰጠው ኢማም ነወዊ ጽፈዋል። እናም በመጪው ረመዷን ዘካ የምታሰሉ ነጋዴዎች፣ አስቀድማችሁ መኪና ግርግር ወርዳችሁ የአንድ ስፌት መኪና ዋጋ ስንት እንደደረሰ ጠይቁ።